ነፋሱና ግንቡ

ክለባችን የተጀመረው ሪያድ፣ ሱለይ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በመጋዘኖች መሃል በነበረ ባዶ መሬት ላይ ነው። ዛሬ አጥር ያለው ሜዳ ተከራይቶ ይጫወታል፤ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎበታል፤ ማሊያው ላይ የአንድ ካርጎ ቤት ስም ታትሟል። ተጫዋቾቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦኩና ዕቃ ሲያራግፉ ውለው፣ ኳስ ለመጫወት ደግሞ አበል ይቀበላሉ። ባለፈው ረመዳን አዲሶቹ ልጆች የክለቡን ታሪክ በስልካቸው እየቀረጹ ሲሰበስቡ ስለ ካርጎ ቤቱ ባለቤት፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ መጀመሪያው ዋንጫ ጠየቁኝ። ስለ ልጅ ልጄ የጠየቀኝ የለም። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ላይ ነው፤ ጽሕፈቴ ቀስ ይላል። ቢሆንም የእሱን ነገር ከእኔ በቀር የሚጽፈው ስለሌለ ጀመርኩት።

እኔ ሪያድ የመጣሁት የሰው ልጅ ላሳድግ ነው። መላዝ ውስጥ በአንድ ቤት የመዳሟን ልጆች ከጡት እስከ ሠርግ አደረስኩ። ልጆቹ አግብተው ሲወጡ መዳሟ አላሰናበተችኝም፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እያሳደሰች አብሬያት ተቀመጥኩ። እግሯን አሻለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ አብረን እንነጫነጫለን። ዓርብን ግን ለራሴ ለቀቀችልኝ።

የልጅ ልጄ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። የመጣው በባሕር ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ የመንን አቋርጦ፣ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጩ ገብቶ ደረሰ። ትቼው ስመጣ ሕፃን ነበር፤ ስቀበለው ጢም አብቅሏል። ኢቃማ የለው፣ ከፊል የሚሉት አሠሪ ዋስ የለው። ሱለይ ገብቶ ከመኪና ዕቃ ማውረድ ጀመረ። እናቱ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ።

"እማ፣ አደራሽን" አለችኝ። "አንቺ ያለሽበት ነው የመጣው።"

"እኔ ጋ ነው" አልኳት። አደራውን በዚህች ቃል ተቀበልኩ።

ዓርብ ልጠይቀው ስሄድ ሁልጊዜ አጣው ነበር። አንድ ቀን ያዝኩትና "የት ነው የምትጠፋው?" አልኩት።

"ኳስ ነው እምዬ።"

"ተደብቆ መኖር የሚገባው ሰው ሜዳ ላይ ይሮጣል?"

"ሳምንቱን ሙሉ ተደብቄ ዓርብም ልደበቅ? ሞቼ የለም እንዴ ታዲያ?"

ተከትዬው ሄድኩ።

መሬቱ ረጅም ነው። በአንድ በኩል የአስፋልት መንገድ ያዋስነዋል፤ በሌላው በኩል የመጋዘን ብሎኬት ግንብ አለ። ግንቡ አንድ ቦታ ላይ ፈርሶ ሰው በጎኑ የሚሾልክበት ቀዳዳ ሆኗል፤ ከቀዳዳው ጀርባ የጋራዦች ጉራንጉር ነው። ጎሉ የቀለም ቆርቆሮ ነበር። ነፋሱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን፣ ከሰሜን ይመጣል፤ ሲነሣ አሸዋውን እየዘገነ ፊት ላይ ይበትናል።

ቦታ የሚታደለው በወረቀት ነበር። ኢቃማ ያለው በመንገዱ በኩል፣ የሌለው በግንቡ በኩል ይጫወታል። ደውሪያ የሚሉት የፖሊስ መኪና ብቅ ካለ፣ መንገድ ዳር ያለው ቆሞ ኢቃማውን ያሳያል፤ ግንብ ዳር ያለው በቀዳዳው ይጠፋል። ለዚህ ሲሉ በእረፍት ሰዓት ጎል አይቀያየሩም። ከተቀያየሩ ግንብ ዳር የነበረው የግራ ሰው መንገድ ዳር ሊወጣ ነው። ስለዚህ አንደኛው ቡድን ጨዋታውን በሙሉ አሸዋ ሲበላ ይውላል፤ በረኛው ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ ከከፊሉ ጠፍቶ የሚመጣው እየበዛ፣ ወረቀት ያለው እያነሰ ሄዶ ግንቡ አልበቃም አለ። ጉልበትና የሀገር ልጅ ያለው ግንቡን ይይዛል፤ የሌለው ወረቀት ባይኖረውም መንገድ ዳር ይገፋል።

የደረስኩ ቀን በዚሁ ተናንቀው አገኘኋቸው። አንዱ የግራ ተከላካይ ነው፤ የተመደበው ግራው መንገድ ዳር በሚውለው ቡድን ነው። ከእኛ አካባቢ አይደለም፤ ከመካከላቸውም የሀገሩ ልጅ የለውም። "እኔም እኮ ሰው ነኝ፣ ሁልጊዜ እኔ መንገድ ዳር?" እያለ ይጮኻል። ሌላው ደረቱን ይዞ ይገፋዋል። ጫማዬን አውልቄ መሃላቸው ገባሁና የሚገፋውን ትከሻው ላይ አቀመስኩት።

"ማነሽ አንቺ?" አለ እየተሻሸ።

"የዚያ ልጅ አያት ነኝ። እናትህ የረሳችውን እየጨረስኩላት ነው።"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አምበሉ ከመንገዱ ዳር መጣ። ዐዚዚያ የሚኖር የገልባጭ መኪና ሾፌር ነው፤ ኢቃማ አለው፤ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። "እሺ እማማ፣ ፍረጂና" አለኝ ለቀልድ።

እኔ ደግሞ ለቀልድ አልፈረድኩም። ስለ ኳስ የማውቀው በሬዲዮ የሰማሁትን ነው። "እረፍት ላይ ጎል ይቀያየራሉ አይደል? እናንተም ተቀያየሩ። ግን ማንም ቦታውን አይልቀቅ፤ ግራ የነበረ ግራ፣ ቀኝ የነበረ ቀኝ ይሁን። ያኔ ነፋሱም ለሁለታችሁ ይደርሳል። ግንቡም እንደዚያው፤ ግማሹ ጨዋታ ለግራው፣ ግማሹ ለቀኙ።"

አምበሉ ሳቁን አቆመ። "ወረቀት የሌለው መንገድ ዳር ሲወጣስ?"

"ይኸው ይሄ ልጅ ጨዋታውን ሙሉ መንገድ ዳር አይደለም እንዴ? ለግማሹ ያሳረፈው ሰው አለ?"

ተከላካዩ "ልክ ነች" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ልጅ ልጄ ከኋላ ሆኖ አንገቱን ይነቀንቃል። እሱ የግራ ክንፍ ነው፤ ወገኑ ብዙ ስለሆነ ግንቡን ሲይዝ የኖረው እሱ ነው። ፍርዱ ከማንም ይበልጥ ከእሱ ላይ ነበር የሚቀንሰው። አውቄዋለሁ። አውቄው ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ አልቀረሁም። በበረዶ የቀዘቀዘ ውኃ በጀሪካን ይዤ፣ ዣንጥላዬን ዘርግቼ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ። ማሊያዎቹን በሻንጣ ወደ መላዝ እወስድና ጣሪያ ላይ ባለችው አሮጌ ማጠቢያ አጥባቸዋለሁ፤ መዳሟ "ጣሪያዬን የጦር ሰፈር አስመሰልሽው" እያለች ታጉረመርማለች። ማሊያ የሚታደለው በተራ፣ ተቀያሪ የሚገባው በተራ፣ ውኃም በተራ ሆነ። ልጅ ልጄ አብዶ ሠርቶ ሦስት ሰው አልፎ መጥቶ "እምዬ፣ ጠማኝ" ሲለኝ "ከፊትህ ሰው አለ" እለዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል።

ወሬው ተሰማ። "እዚያ ሜዳ ላይ አድልዎ የለም" ተባለ። ከዐዚዚያ ወርክሾፖች ቡድን ይዘው እየመጡ ይገጥሙን ጀመር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "እማማ ትፍረድ" ይላል። በሀገሬም በሰው ሀገርም ቃሌ ይህን ያህል ተሰምቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ጣመኝ።

ከዚያ የካርጎ ቤቱ ባለቤት መጣ። የእኛው ሰው ነው፤ ስለ ቡድኑ ሰምቶ ሊያይ ነው የመጣው። ከወደደው ሜዳ ሊከራይልን፣ የስደተኞች ቡድኖች በሚወዳደሩበት ሊግ ሊያስገባን ነው። በዚያ ሳምንት ሱለይ ውስጥ ፍተሻ እንደበዛ ይወራ ነበር። አንዳንዶቹ ጨዋታው ይቅር አሉ፤ ግን ሰውየው ለዓርቡ ቀጠሮ ይዟል። ማሊያዎቹን በካውያ ተኩሼ ነው ያመጣኋቸው።

የገጠመን የዐዚዚያ ቡድን ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ግራችን በግንቡ በኩል ነበር። ልጅ ልጄ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። የዐዚዚያው ተከላካይ ሊይዘው ሲሮጥ ከዚያው ግንብ ጋር ሊላተም ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜማ ኳሷን በሰውየው እግር መሃል አሳልፎ፣ ዞሮ ሄዶ "ይቅርታ ወንድሜ፣ መንገዱ ክፍት መስሎኝ ነው" ሲለው፣ የካርጎው ባለቤት በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳቀ።

እረፍት ሆነ። አምበሉ ላቡን እየጠረገ ወደ ባልዲዬ መጣ።

"እማማ፣ አሁን እኔ ወደ ግንቡ ልሄድ ነው፤ ልጅሽ ወደ መንገዱ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ኢቃማ አለኝ፤ ግንቡ ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ብቻ ከእሱ ጋር ቦታ እንቀያየር። ሳምንቱ ጥሩ አይደለም።"

"የግራ ተከላካዩስ?" አልኩት። "እሱም መንገድ ዳር ሊወጣ ነው፤ እሱም ወረቀት የለውም። ከእሱ ጋር የሚቀያየር አለ?"

"እሱን... እሱን ማን ይቀይረዋል እማማ? በቀኝ የቀሩት ወረቀት የላቸውም።"

"ለሌላው ያልሆነ ለእሱም አይሆንም።"

"ልጅሽ እኮ ነው!"

"ልጄ ስለሆነ ነው የማይሆነው።"

ይህን የተናገርኩት ጮክ ብዬ ነው። አምበሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የጠየቀኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ቡድን ውኃ ሊጠጣ ዙሪያዬን ቆሟል፤ ተከላካዩ ያየኛል፤ የካርጎው ባለቤትም ይሰማል። እንዲሰሙኝ ፈልጌ ነው። ፍትሕ መሆኑን ዛሬም አልክድም፤ ተከላካዩ አያት ስለሌለው ብቻ መንገድ ዳር መቅረት አልነበረበትም። በፍትሑ ላይ ግን የራሴን ኩራት ጨመርኩበት። ልቤን የሚበላኝ ይህ ነው፤ የቱ ምን ያህል እንደነበር ለይቼ አላውቅም።

አምበሉ ገና ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት ልጅ ልጄ ትከሻውን ያዘው። "ተወው፣ እምዬ ከተናገረች ኸላስ ነው።" ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ደግሞ "ጎል ካገባሁ ግን መጀመሪያ የኔን ማሊያ ነው የምታጥቢው" አለኝ።

"በተራህ" አልኩት።

ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም አልሄደ። እሱ በመንገዱ ዳር ኳሷን ይዞ ይከንፋል፤ እኔ ዣንጥላዬን አጥፌ ተነሥቻለሁ። "ደውሪያ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። የጮኸው ተከላካዩ ነው፤ ከኋላ ስለነበር መኪናውን ቀድሞ አየ፤ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ግንቡ በረረ። ወረቀት የሌለው ሁሉ ወደ ቀዳዳው ጎረፈ፤ በረኛውም ሄደ። ልጅ ልጄም ሰምቷል። ግን ከፊቱ ባዶ ጎል ነበር። አንድ እርምጃ ጨምሮ መታት። ከዚያ ዞሮ ሲሮጥ ያዙት።

ኢቃማዬን በእጄ ይዤ ወደ ፖሊሱ ሄድኩ። የልጄ ልጅ መሆኑን፣ ሌባ አለመሆኑን፣ በእኔ ስም እንዲተውልኝ በምችለው ዓረብኛ ለመንኩት። ወጣት ነበር። ኢቃማዬን አይቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ። "ያ ኻላ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ቤትሽ ግቢ" አለኝ፣ እንደ አክስቱ ቆጥሮ። ክፉ ቃል ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን እጠላ ነበር።

ተርሂል፣ ወደ ሀገር የሚመለሱት የሚቆዩበት ቦታ፣ ልብሱን ይዤ ሄድኩ። ዕቃውን በር ላይ ተቀበሉኝ፤ እሱን አላየሁትም። በማግስቱ ከሰው ስልክ ለምኖ ደወለልኝ። ምን ልለው እንደምችል ሳስብ ነበር ያደርኩት። እሱ ግን ቀደመኝ።

"እምዬ፣ ገባች?"

"ምኗ?"

"ኳሷ ነዋ! የመታኋት!"

"አላየሁም" አልኩት። እውነት ነው፤ እሱን ነበር የማየው። ኳሷ በኋላ ከቆርቆሮዎቹ ጀርባ ተገኘች። በመሃል ትለፍ በጎን ትለፍ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

"አንድ ሰው እንኳ አላየም?" አለ። ድምፁ ያኔ ብቻ ተሰበረ።

ሀገሩ ሲገባ ልጄ ደወለችልኝ። "ደህና ገብቷል፣ አልሃምዱሊላህ" አለች። ስለ አደራ አላነሣችም። እኔው ነገርኳት፤ አምበሉ ልቀይረው ብሎ እንደጠየቀኝ፣ እኔ እንደከለከልኩ፣ አንድም ሳላስቀር። ሰምታ ስትጨርስ "እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው ያሳደግሽኝ" አለችኝ። አመሰገነችኝ ወይስ ወቀሰችኝ? እስከዛሬ አልጠየቅኋትም። እሷም አልጨመረችበትም።

የካርጎው ባለቤት ቃሉን ጠበቀ። ሜዳ ተከራየ፣ ሊግ አስገባን። ሊጉ ግን የሚመዘግበው ኢቃማ ያለውን ብቻ ነው። በቆርቆሮ ጎል የጀመሩት አብዛኞቹ ከውጭ ቀሩ። በሩ ላይ ጠባቂ ስላለ ግንብ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ጎል ይቀያየራሉ፣ ማንም ልብ አይለውም። ተከላካዩም አልተመዘገበም። ዓርብ ዓርብ ግን ይመጣል፤ በአጥሩ ሽቦ በኩል ያያል፤ እኔን ሲያገኝ ትከሻዬን ይስማል። "አንቺ ባትኖሪ እኔ ያኔ ሰው አልነበርኩም" ይለኛል። እኔ ደግሞ ፊቱን እያየሁ 'ምነው የተያዝከው አንተ ብትሆን ኖሮ' የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አስተግፊሩላህ እላለሁ። ተመልሶ ይመጣል። ምንም ያላደረገኝን ልጅ በልቤ ስንቴ ለፖሊስ እንደሰጠሁት አላህ ያውቃል። ውኃ ስሰጠው ዓይኑን ማየት አልችልም።

ልጅ ልጄ ኮምቦልቻ ውስጥ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሳምንት በሳምንት ይደውላል፤ የክለቡን ውጤት ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሲደውል ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

"እምዬ፣ ልመጣ ነው።"

"በምን?"

ጥያቄዬን ዘለለው። በባሕር ነው ማለት ነው።

"አምበሉን አናግሬዋለሁ" አለ። "ስምህን ቀይረን በሌላ ሰው ኢቃማ እናስመዘግብሃለን ብሎኛል። 'እማማ ከፈቀደች' ነው ያለው። አንቺ ብቻ እሺ በይ። ቦታዬ ይጠበቅልኝ እንጂ መንገዱን እኔ እችለዋለሁ።"

የመጀመሪያ ቀን የመጣበት ከንፈሩ ታየኝ። አምበሉ ይህን ያለው ለእኔ ሲል ነው፤ ከእኔ ይበልጥ ያ ቀን ያልለቀቀው ሰው ቢኖር እሱ ነው። እሺ ብል፣ የነጠቅኩትን ቦታ በገዛ ቃሌ መመለስ እችል ነበር። ስንት ሌሊት የተመኘሁት ነገር ነው። ግን ቦታውን ለማግኘት ያንን ባሕር መሻገር አለበት።

"አይሆንም" አልኩት።

"ለምን?"

ባሕሩን ፈርቼ ነው ብለው ይስቅብኛል። ከዚህ በፊት ተሻግሬዋለሁ ይለኛል፤ ወጣት ነው፣ በፍርሃት አይመለስም። እሱን የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲቃወመው ያላየሁት አንድ ነገር።

"ስንቱ ልጅ ወረቀት አጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል" አልኩት። "ለሌላው ያልሆነ ላንተም አይሆንም።"

ያኔ እውነት ነበር፤ ከኩራቴ ጋርም ቢሆን እውነት ነበር። አሁን ግን ስለ ሌላው ልጅ አንድም አላሰብኩም። ሌላው ሁሉ በሰው ኢቃማ ይጫወት፣ እሱ ብቻ እናቱ ቤት ይደር እንጂ። የዚያን ቀኑን ቃል አንሥቼ ለአድልዎ ተጠቀምኩበት፤ እሱም አመነኝ።

"አንቺ መቼም" አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። "እሺ፣ ማን ነው አሁን በኔ ቦታ?"

"አምበሉ።"

"በግራ? በዚያ እግሩ?"

"ኳሷን ሲያሻማ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው የምትሄደው።"

አሁን ከልቡ ሳቀ። ሲጨርስ "እምዬ፣ ያቺ ኳስ ግን ገብታለች" አለኝ።

"ገብታለች" አልኩት። በሕይወቴ ያላየሁትን ነገር ስፈርድ የመጀመሪያዬ ነው። "በመሃል ነው የገባችው።"

"አላየሁም ብለሽኝ አልነበር?"

"ገብታለች አልኩህ።"

ከጉዞው ቀርቷል ወይስ አልቀረም፣ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው የደበቅኩት ፍርሃት ይሰማዋል። አሁን በየማለዳው መዳሟ ሳትነሣ ልጄ ጋ እደውላለሁ። ስለ ዝናቡ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ እጠይቃታለሁ። እሷም ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ከመለሰችልኝ በኋላ፣ ሳልጠይቃት፣ "እሱም ገና ተኝቷል" ትለኛለች። ከዚያ ተነሥቼ ማሊያዎቹን ወደ ጣሪያው አወጣለሁ።